ስድስተኛው ብረት

ዛሬ ዛሬ መኪናውን ከመሬት አስነስቶ፣ ትልልቅ ጎማ አልብሶ በከተማ መሀል የሚንጎማለል ወጣት ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ልጆቹ ምን አጠፉ? ምንም። አስፋልት ላይ ለመንዳት መኪና ከፍ ማድረግ ቂልነት ቢሆን እንጂ ወንጀል አይደለም። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው። እኔም አንድ ጊዜ መኪና ከፍ አድርጌያለሁ፤ ያውም በገዛ እጄ፣ ያውም እየፎከርኩ። ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለ መኪና ደስ ብሎኝ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ሐይቅ ከተማ አንድ ሐጂ ዘንድ ሹፌርም መካኒክም ሆኜ እሠራ ነበር። ሐጂ ሽንኩርትና እህል ይነግዳሉ፤ ቁጡ ናቸው፣ ግን ቂም አይዙም። መኪናቸው አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። በአራቱም ጎማዋ ትጎትታለች፤ ቀለሟ መጀመሪያ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው የለም። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ችግሯ ሆዷ ነው። ባሌስትራዎቿ በዓመታት ጭነት ላሽቀው ስለተዘረጉ ሆዷ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ባሌስትራ ማለት መኪናዋን በጎማዎቿ ላይ ተሸክሞ የሚያስኬድ፣ እንደ ደጋን የጎበጠ፣ ተደራርቦ የታሰረ ብረት ነው። የኛዋ በየጎማው አምስት አምስት ብረት ነበራት። አዲስ ሳለ ይጎብጣል፤ ሲያረጅ እንደ አግዳሚ ወንበር ቀጥ ይላል።

የተወለድኩበት መንደር ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ወገብ ላይ ነው። እናቴና ታናሽ ወንድሜ እዚያ ይኖሩ ነበር። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ልቧን ታማ እግሯ ያብጥ፣ ትንፋሿ ያጥር ስለነበር በየወሩ ደሴ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነበረባት። ወደ መንደሩ የሚወጣውን መንገድ ሕዝቡ በስንዴና በዘይት ክፍያ ቆፍሮታል፤ ግን መሀል ላይ አንድ የአለት ደረጃ መንገዱን አቋርጦ ተኝቷል። በዶማም በመዶሻም አልበገር ብሎ ተተወ። ሰው «ደፉ» ይለዋል። የኔ መኪና እስከ ደፉ ትደርስና ሆዷ አለቱ ላይ ቁጭ ይላል። ከደፉ እስከ ቤታችን አንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ ለጤነኛ ሰው።

ስለዚህ እናቴን ቅሬው በቃሬዛ ያወርዳታል። ቅሬ የኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ያለበት ማኅበር ነው፤ ሲሞቱ ይቀብራል፣ ሲታመሙ ይሸከማል። ቃሬዛው የቅሬው ነው። ተረኛ የሆነ ጎልማሳ ሲጠራ ይመጣል። ቀረሁ ማለት የለም፤ ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ ቢሞት የሚቀብረው አያገኝም። ወንድሜ የግራ ኋለኛውን እጀታ ይይዝ ነበር። ረጅም ስለሆነ ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ ሲያነሳው እናቴ ወደፊት አትንሸራተትም። የሌላ ሰው ታማሚም ቢሆን ያ ቦታ የሱ ነበር።

ከዚያ ያ የውትድርና ምልመላ መጣ። ኮታ የሚሉት ነገር በየቀበሌው ይወርዳል፤ በውድ የሚሄድ ሲጠፋ በአፈሳ ይሞላል። የኛን መንደር በእግር ወጥቶ ማፈስ አይቻልም። ተዳፋቱ ገላጣ ነው፤ ታጣቂ ገና ደፉን ሲያልፍ ከላይ ይታያል፤ እሱ እያለከለከ እስኪደርስ ወጣቱ ገደሉ ውስጥ ገብቶ ተሸሽጓል። ታዲያ አንድ ቀን ምን አደረጉ? ቃሬዛ ጠበቁ። አንድ ሽማግሌ ታመው አራት ጎልማሶች ተሸክመው ሲወርዱ ደፉ ላይ ከቁጥቋጦ ወጡባቸው። ቃሬዛውን መሬት አስቀምጡ አሏቸው። ሁለቱን ወጣቶች ወሰዱ፤ ሁለቱን በዕድሜ የገፉትን ተዉ። ሽማግሌው መንገድ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ዋለ። የታመመ ሰው እንደ ወጥመድ እህል ሆኖ የሚያገለግልበት ዘመን አየን።

የሚቀጥለው ቃሬዛ የእናቴ ነበር። ወንድሜን «አንተ ቅር፤ እኔ እተካሃለሁ» አልኩት።

«አንተማ መኪናውን ትነዳለህ» አለኝ። «እኔ ደሞ እማን ባዳ ሲሸከማት ገደል ውስጥ ተጋድሜ አላይም። ወላሂ አላደርገውም።»

ግትር ነው፤ አውቀዋለሁ። ወንድሜ እንዳይወርድ ከተፈለገ መኪናዋ መውጣት አለባት። ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ሐጂን ለመንኳቸው። የግቢያቸው ጥግ ላይ ዶሮ የሚሰፍርበት የሞተ የጭነት መኪና ሬሳ ነበር፤ ከሱ ባሌስትራ ላይ ብረት ልፍታ፣ በየጎማው ስድስተኛ ልጨምር አልኳቸው።

«መኪናዬን ግመል ልታደርጋት ነው?» አሉ።

«ለእናቴ ነው ሐጂ።»

መቁጠሪያቸውን አንከባለሉና «ዶሮዎቹን እንዳታስደነብር» አሉኝ። ፈቃዳቸው ይኸው ነበር።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ሻንሲዋን በግንድ ደገፍኩ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፎ የሚይዘው ቆልማማ ብሎን ዝጎ ስለነበር ዳዶውን በናፍጣ ስነክር አደርኩ። ብረቶቹን በመሀላቸው የሚያስራቸው አንድ ቀጭን ብሎን አለ፤ እሱ ሲፈታ የታመቀው ብረት ይፈናጠራል። አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን ቸኮልኩና የቀኝ አውራ ጣቴን ጥፍር ወሰደው። ጥፍሩ ጠምዛዛ ሆኖ በቀለ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ብረቶቹን ከከተማው ዳር ወዳለ ቀጥቃጭ ወሰድኳቸው። ጭነት መኪናው ላይ የነበሩት ስለረዘሙ ተቆረጡ፤ ከዚያ አሮጌዎቹም አዲሶቹም በወናፍ ፍም ውስጥ ቀልተው እንደገና ተጎበጡ፤ ዘይት ውስጥ ተነከሩ። ቀጥቃጩ ሲመታ አያወራም፤ ሲጨርስ ግን አንድ ነገር ተናገረኝ። «ኸየመሀላቸው ግራሶ አስገባ። የተለያየ ብረት ነው፤ ካልቀባኸው እርስ በርሱ ይፋጫል፣ ያላዝንብሃል።»

«በጀ» አልኩት። አላስገባሁም። ግራሶ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም፤ የነበረችኝን ለጎማ ኩሽኔታ አዋልኳት። በኋላ አገኛለሁ አልኩ።

ስገጥመው መኪናዋ አንድ ጋት ከፍ አለች። ከጎኗ ቆሜ ስለካት ደረቷን የነፋች መሰለችኝ። የፍሬኑ ቱቦ አጥሮ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ስለነበር ማሰሪያውን ፈትቼ ወደ ታች አወረድኩት። ሐጂ ወጥተው አዩአት፤ ሊገቡ ሲሉ እግራቸው አልደርስ አለ። «አሁን እኔም በቃሬዛ ልጫን ነው?» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ምን ነበረብኝ!

ደፉ ላይ ስደርስ በሁለተኛው ማርሽ፣ የግራ ጎማውን ከአለቱ ጉብታ ላይ፣ የቀኙን ከአለቱ ስንጥቅ ጫፍ አስይዤ አወጣኋት። ከሆዷ ሥር ምንም አልነካም። አንዲት ጠጠር እንኳ አልጮኸችም። መስኮቱን ከፍቼ ብቻዬን «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። መንደሩ ስገባ ሰው የሞተር ድምፅ ሰምቶ ገደል ለገደል ሸሽቶ ነበር። እኔ መሆኔን ሲያዩ እየሳቁ፣ እየተሳደቡም ወጡ። የቅሬው ሽማግሌዎች መኪናዋን ከበው ዱዓ አደረጉላት። ክርስቲያኖቹም እጃቸውን ዘርግተው አብረው «አሜን» አሉ። «ኸክፉ ይሰውራት፣ ለደግ ያውላት» ብለው የፊት መከለያዋ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉባት። ይኼ ምርቃት የት ሄዶ እንደቀረ አላውቅም።

እናቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጃፏ መኪና ውስጥ ገባች። ወንድሜ አቅፎ አስቀመጣት፤ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ አለበሳት፤ እሱ ቀረ። እዚያው ደጁ ላይ ቆሞ እጁን አነሳልን። ለዚህ ነበር የለፋሁት፤ እሱ ደጁ ላይ እንዲቀር። ቁልቁል ስንወርድ ከኋላ በግራ በኩል ያለው ባሌስትራ መጮኽ ጀመረ። ቀጭን፣ የተጎተተ ድምፅ ነው፤ ጉድባ ባለፍን ቁጥር ይነሳል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቴ።

«ግራሶ አጥቶ ነው እማ። አስተካክለዋለሁ።»

«ተወው፣ ሸጋ ነው። አምባሰል ያወርዳል እኮ» ብላ ሳቀች። እናቴ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! እኔም ተውኩት። በኋላ ግራሶ አገኘሁ፤ ቆርቆሮው ሙሉ ከመቀመጫዬ ሥር ነበር። አልቀባሁትም።

ይባስ ብዬ አንድ ነገር አደረግሁ። ወንድሜ በየሞተሩ ድምፅ እየሮጠ ገደል መግባት ሰልችቶት ነበር። «ስማ» አልኩት፤ «ይቺን ለቅሶ ከሰማህ እኔ ነኝ፤ እንዳትሸሽ፣ ወጥተህ ጠብቀኝ። ሌላ መኪና እንዲህ አይልም። ይኼ ከሌለው ግን ወደ ገደልህ።» ለሌሎቹም ነገርኳቸው። መንደሩ በሙሉ ያንን ድምፅ ለየ። ከዚያ በኋላ የመጣሁ ጊዜ ወጣቱ ገና ከሩቅ ሰምቶ ቁልቁል እየወረደ ይቀበለኝ ነበር። የታመመ ያለበት ታማሚውን ያዘጋጃል። እኔም እንደ ባለሥልጣን እኩራራለሁ።

አምስት ወር እንዲህ ሄደ። በአምስት ወር ውስጥ ከመንደሩ ቃሬዛ አልወረደም፤ አንድ ሰው አልታፈሰም። በዚህ ብቻ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን አፍ አለኝ። ውጫሌ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሹፌሮች ስለ መንገድ ሲያወሩ «ደፉን የሚያልፍ ከኔ መኪና ሌላ እስቲ ይምጣ!» አልኩ። ስድስተኛውን ብረት እንዴት እንዳስገባሁ፣ የቱን ጎማ የት እንደማስይዝ፣ ሁሉን በጣቴ ጠረጴዛ ላይ እየሳልኩ አስረዳሁ። ከኋላዬ ማን እንደተቀመጠ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። ማንም አልጠቆመብኝም። የጠቆምኩት እኔው ነኝ።

በሳምንቱ ጠዋት ሽንኩርት ልጭን ውጫሌ ስደርስ አንድ ካድሬ አስቆመኝ። ስድስት ታጣቂዎች አብረውት ነበሩ። ትሕትናው የሚያስጠላ ሰው ነው።

«ጓድ፣ መኪናህ ለግማሽ ቀን ትፈለጋለች» አለኝ።

«የሰው መኪና ናት። ሐጂን ሳልጠይቅ…»

«እሳቸውን እኛ እንነግራቸዋለን።»

«ፍሬኗ ችግር አለበት።»

«ሽቅብ ነው የምንሄደው» ብሎ ፈገግ አለ።

ታጣቂዎቹ ከኋላ ወጥተው ተኙ፤ የሽንኩርቱን ሸራ ከላያቸው ሳቡ። ካድሬው ሽጉጡን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎኔ ተቀመጠ። እናቴ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። «ጡሩንባውን እንዳትነካ» አለኝ። ጡሩንባው ምን ያደርጋል? ስድስት ሰው ከኋላ ተጭኖ ባሌስትራው ገና ከውጫሌ ሳንወጣ ማላዘን ጀምሯል። እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። የግራሶው ቆርቆሮ ከመቀመጫዬ ሥር እየተንከባለለ ተረከዜን ይመታኛል።

ደፉ ጋ ስደርስ አሰብኩ። ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ፤ አሰብኩበት። መሪውን አንድ እጅ ወደ ቀኝ ብሰብር ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ አክስሉ አለቱን ይመታል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካድሬው ይመታኝ ይሆናል፤ ይገድለኝ ይሆናል። አላደረግሁትም። ፈርቼ ነው ብል ግማሹን ብቻ ነው የምናገረው። ሌላው ግማሽ እጄ ነው። እጄ መንገዱን ለምዶታል፤ የግራውን ከጉብታው፣ የቀኙን ከስንጥቁ ጫፍ አድርጎ፣ አንዲት ጠጠር ሳይነካ አሳለፋት። ካድሬው «ጎበዝ» አለኝ። በሕይወቴ ለሥራዬ ያገኘሁት ሙገሳ ሁሉ ከዚያች ቃል በኋላ ይጎመዝዘኛል።

ከላይ ሲያዩን ማንም አልሸሸም። ለምን ይሸሻሉ? የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ወንድሜ ከሁሉ ቀድሞ እየሮጠ መጣ፤ የእናቴን ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። በኔ በኩል ባለው መስኮት መጥቶ፣ እያለከለከ፣ «ምነው ዛሬ? ቀኗ ገና ነው እኮ። ማን ታመመ?» አለኝ።

ካድሬውን አየው። ከዚያ ሸራው ተገለበጠ።

ሰባት ወጣት ተያዘ። ሊሮጡ የሞከሩም ነበሩ፤ ተኩስ ወደ ሰማይ ሲነሳ ቆሙ። ወንድሜ አልሮጠም፤ እኔን ነው የሚያየኝ። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። የገባው ነገር ስለሌለ ብቻ የሚያይ ሰው ዐይን ነበር፤ አንድ ነገር እንዳስረዳው ይጠብቃል። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከትከሻው አውርዶ በመስኮቱ አቀበለኝ። «ለእማ ስጣት፤ ይበርዳታል» አለኝና ከኋላ ወጣ።

ብርድ ልብሱን አልሰጠኋትም። ውረድ አላሉኝም፣ እኔም ልውረድ አላልኩም። እናቴ ደጃፏ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር። መኪናዋን ሳዞር ባሌስትራው ጮኸ። ቁልቁሉን ሙሉ፣ ወንድሜን ከነጓደኞቹ ይዤ፣ እስከ ውጫሌ ጮኸ። እዚያ አውቶብስ ይጠብቃቸው ነበር።

ከሰሜን አንድ ጊዜ በሰው አፍ ሰላምታ ደረሰን፤ ደህና ነኝ፣ አብሽሩ ብሏል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ምንም። ጦርነቱ ሲያበቃ ከሰባቱ ሁለት ተመለሱ፤ እሱ አልነበረበትም።

ወንድሜ በተወሰደ በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ይዤ በእግሬ ወጣሁ። እናቴ ተቀበለችኝ፣ አጣጥፋ አስቀመጠችው። አልረገመችኝም፤ ጠብቄ ነበር። «ያን ብረት አውልቀው» አለችኝ።

«እማ፣ ካወለቅሁት እንዴት ትወርጃለሽ?»

«ሰው እንደሚወርደው።»

አወለቅሁት። ለመግጠም ሦስት ቀን የፈጀውን በአንድ ቀን ፈታሁት። ሐጂ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አዩኝ፤ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። መኪናዋ ወደ ጥንት ቁመቷ ስትመለስ ብቻ «አላህ ያውቃል» አሉ። አራቱን ብረቶች ቀጥቃጩ ዘንድ ወስጄ ማጭድ ይውጣልህ አልኩት። ወሬው ደርሶት ነበር። «ለኔ አታምጣው» ብሎ ወናፉን መንፋት ቀጠለ። ወደ ዶሮዎቹ መለስኳቸው።

በዚያው ወር መጨረሻ የእናቴ እግር አብጦ ሐኪም ግድ ሆነ። መኪናዋን ደፉ ሥር አቁሜ ወጣሁ። ቅሬው ተጠራ። የቀረ የለም፤ ግን የመጣው ጢሙ የሸበተ ሁሉ ነው። ከአራቱ እጀታ ሦስቱ ተያዘ። የግራ ኋለኛው ባዶ ሆኖ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የቅሬው ዳኛ ወደኔ ሳያይ «ያ ቦታ የቤቱ ነው» አለ። ገብቼ አነሳሁ።

እኔ አጭር ነኝ። ከወንድሜ በአንድ ጋት አንሳለሁ፤ ልክ መኪናዋን ከፍ ያደረግኋትን ያህል። ቁልቁለቱን ስንጀምር ቃሬዛው ወደ ግራ አዘነበለ። እናቴ ዐይኗን ጨፍና ተኝታ ነበር፤ ተሸካሚውን አላየችም።

«በዚህ በኩል ዝቅ ብሏል» አለች።

አስቆምኳቸውና ኮቴን አውልቄ፣ አጣጥፌ ከእንጨቱ ሥር ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። አልበቃም። ሸሚዜን ጨመርኩበት። ጣቴን ዘርግቼ ከፍ ለማድረግ ሞከርኩ፤ በእግሬ ጣት ለመቆምም ሞከርኩ፤ በቁልቁለት ማን በእግር ጣቱ ይሄዳል? እንደገና ተነስተን ትንሽ እንደሄድን እናቴ ዐይኗን ገልጣ ወደ ኋላ አየች። እኔ መሆኔን አየች። ከዚያ በኋላ ዝቅ ብሏል አላለችም። ወደኔ በኩል እንዳትንሸራተት የቀኙን እንጨት በአንድ እጇ ጨብጣ፣ እስከ ደፉ እንደዚያ ሆና ወረደች።